ለብራውዘርሽ የሚከፍለው ማነው?

ጥያቄሽን አነበብኩት፤ ከሥሩ ያለውንም ጭቅጭቅ። "ክሮም ይሰልላል ይላሉ፣ ፋየርፎክስ ዳታ መሸጥ ጀመረ ይላሉ፣ ብሬቭ የክሪፕቶ ነው ይላሉ፤ ስልኬ ላይ ያለው ደግሞ ኦፔራ ሚኒ ነው፤ የትኛውን ልመን?" ነው ያልሽው። መላሹ ሁሉ እንደ ኳስ ደጋፊ የየራሱን ስም ጠርቶ ሄደ። ምክንያት የነገረሽ ግን አላየሁም።

እኔ ድሮ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን የቢሮ ኮምፒውተሮች ነው የምጠግነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

መቼም ስሙ ያልተነሳበት ብራውዘር ፈልገሽ አታገኚም። ስለዚህ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሲነቃበትስ ምን አደረገ?

ክሮም የጉግል ነው፤ የጉግል ዋና እንጀራ ደግሞ ማስታወቂያ ነው። በ2020 መጀመሪያ ላይ ከገጽ ወደ ገጽ እየተከተሉ የሚሰልሉትን የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች (ከከፈትሽው ገጽ ውጪ ያሉ ድርጅቶች ብራውዘርሽ ላይ የሚተዉአቸው ጥቃቅን መለያዎች) በሁለት ዓመት ውስጥ አስወግዳለሁ አለ። ቀኑን ገፋው፤ ደግሞ ገፋው፤ በ2024 ጭራሽ ተወው። የአፕል ሳፋሪ ግን በዚያው በ2020 ዘግቷቸዋል። ክሮም ቫይረስና አጭበርባሪ ገጽ በመከላከል ጎበዝ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ከሌባ የሚጠብቅሽ ሁሉ ከራሱ ከባለቤቱ አይጠብቅሽም።

ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የክሮም የግል መስኮት የጠቀሱልሽ አሉ። ካፌ ውስጥ እሱን ከፍቶ "አሁን ማንም አያየኝም" የሚል ደንበኛ ስንት ነበር! ኢንኮግኒቶ የሚያጠፋው እዚያው ማሽን ላይ የሚቀረውን ነው። መስኮቱን ስትዘጊው ከአንቺ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የት የት እንደገባሽ አያይም፤ ኢሜይልሽም ተከፍቶ አይጠብቀውም። ለካፌና ለህትመት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (በዲቪ ሰሞን ፓስፖርቱን ስካን አስደርጎ ዴስክቶፕ ላይ ትቶት የሚሄደውን ግን ኢንኮግኒቶም አያድነው።) የገባሽበት ድረ ገጽ ግን ያይሻል፤ ኢንተርኔት የሚያቀርብልሽ ድርጅትም የት እንደገባሽ ያውቃል። ጉግል በዚሁ ጉዳይ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ በ2024 በተደረገው ስምምነት በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ነው፤ ባለቤቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ግን የገቢውን አብዛኛውን የሚከፍለው ማን መሰለሽ? ጉግል! የፋየርፎክስ የመጀመሪያ ሰርች ኢንጂን ለመሆን። "መሸጥ ጀመረ" የሚለው ወሬ የመጣው በ2025 መጀመሪያ አዲስ የአጠቃቀም ውል ሲያወጣ፣ ዳታችሁን አንሸጥም የሚለውን የቆየ ቃሉን ከድረ ገጹ ስላነሳ ነው። ሰው ጮኸ፤ በቀናት ውስጥ ውሉን አስተካክሎ ጻፈው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ይልቅ ያናደደኝ በ2024 ያደረገው ነው፤ አንድ የማስታወቂያ መለኪያ ሳይጠይቀን አብርቶ ለቀቀው። ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ግን ስንቱ ነው ሴቲንግ የሚከፍተው? ያም ሆኖ የእያንዳንዱን ገጽ ኩኪ ለየብቻው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ይህ ደግሞ ማንም ሳይነካካው የሚሠራ ነው።

ብሬቭም በ2020 ተይዟል። አንድ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ አድራሻ ስትጽፊ ኮሚሽን የሚያገኝበትን ኮድ ራሱ ይቀጥልበት ነበር። ኃላፊው ይቅርታ ጠይቆ አስተካከሉት። ግን በዚያው ዓመት በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚሠሩ አንድ ፕሮፌሰር ስድስት ብራውዘሮች ወደ ባለቤቶቻቸው ምን እንደሚልኩ ሲለኩ፣ ምንም ሳይነካካ በመጣበት ሴቲንግ ከሁሉም ያነሰ መረጃ የላከው ብሬቭ ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ መሃል ላይ ሆኑ፤ የማይክሮሶፍቱ ኤጅና የሩሲያው ያንዴክስ ብዙ በመላክ መጨረሻ። የክሪፕቶው ነገር ከሰለቸሽ መደበቅ ይቻላል፤ እኔም ደብቄዋለሁ።

አሁን ወደ ኦፔራ ሚኒ፤ ይሄ ነው አንቺን በቀጥታ የሚነካሽ። ሰው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል፤ ጥቅል ይቆጥባል። ግን እንዴት እንደሚቆጥብ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? የምትከፍቺው ገጽ መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ላይ ያርፋል፤ እዚያ ተጨምቆ ነው ወደ ስልክሽ የሚመጣው። ቁጠባው ከፍተኛው ላይ ሲሆን ያች የቁልፍ ምልክት ያለባቸው ገጾች ሳይቀሩ መሃል ላይ ተፈትተው ነው የሚያልፉት። ኦፔራ የግድ ያነብሻል እያልኩ አይደለም። ማንበብ የሚችልበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ለዜናና ለኳስ ውጤት ምን ገዶሽ! ለባንክ፣ ለኢሜይል፣ ፓስወርድ ለምትጽፊበት ሁሉ ግን አይሆንም። ዩሲ ብራውዘር ካለሽ ደግሞ ዛሬውኑ አጥፊው፤ በ2015 ሲቲዝን ላብ የሚባለው የካናዳ የዲጂታል ደህንነት ምርምር ተቋም የተጠቃሚን መረጃ በደካማ ምስጠራ ወይም ጭራሽ ያለ ምስጠራ ሲልክ አግኝቶታል።

ጥቅል መቆጠብ ከሆነ ጭንቀትሽ፣ ማስታወቂያ መዝጋትም ይቆጥባል። ፋየርፎክስ አንድሮይድ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማገጃ ይቀበላል፤ የስልኩ ክሮም ግን እንዲህ ያለ ተጨማሪ (ኤክስቴንሽን) አይቀበልም። ብሬቭ ማገጃው አብሮት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ጫኚ። ለባንክ የባንኩን አፕ፣ ለዜና ከፈለግሽ ኦፔራ ሚኒሽን። በየትኛውም ብራውዘር ጂሜልና ፌስቡክ ውስጥ ገብተሽ ከተቀመጥሽ ግን እነሱ ያውቁሻል፤ ስትጨርሺ ውጪ።

ወንድምሽ ውጭ ሆኖ ፖለቲካ እንደሚጽፍ የነገርሽን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2017 ይኸው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ሪፖርት፣ አሜሪካና እንግሊዝን ጨምሮ ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የቪዲዮ ገጽ የሚመስል ሊንክ በኢሜይል ይላክላቸው ነበር። ሲከፍቱት ቪዲዮ ማጫወቻውን "ፍላሽ አፕዴት አድርጉ" ይላል፤ የሚጫነው የስለላ ሶፍትዌር ነው። እዚያ ላይ ብሬቭም ፋየርፎክስም አያስጥሉም። እሱ ከብራውዘር ምርጫ በፊት በሊንክ የመጣለትን ነገር አለመጫን ነው ያለበት። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ካስፈለገው ቶር የሚባል ብራውዘር አለ፤ ቀርፋፋ ነውና ይታገሰው።

የስልክሽን ሞዴልና አንድሮይዱ ስንተኛው እንደሆነ ጻፊልኝ። በጣም የቆየ ከሆነ አዲሱ ፋየርፎክስ ላይጫንልሽ ይችላል፤ ያኔ ሌላ መላ እንፈልጋለን።