ትራይ-ካች የት ይግባ? ለፋርማሲው ሲስተም ጥያቄ መልስ

ወንድሜ፣ «ሜክሲኮ አካባቢ ላለ ፋርማሲ የሽያጭ ሲስተም እየሠራሁ ነው፤ ሁሉንም ትራይ-ካች ውስጥ ከትቼ ሎግ ባደርግ ይበቃል ወይስ ኤረሩ ከመነሻው እንዳይፈጠር ልልፋ?» ላልከው፣ መጀመሪያ ኤረሩ ከየት እንደሚነሳ ለይ። (ትራይ-ካች ኤረር ሲነሳ ፕሮግራሙ እንዳይቆም የሚይዝ የኮድ ክፍል ነው፤ ሎግ ማድረግ ደግሞ የሆነውን ፋይል ላይ መመዝገብ ነው።)

ከራስህ ኮድና ከሚገባው ዳታ የሚነሳውን ቀድመህ ዝጋ። ስልክ በ09 ብቻ እንዲጀምር ካስገደድክ የ07 ደንበኛ አይመዘገብም። የኢትዮጵያ ቀን የምትቀበል ከሆነ ወሩን 12 ላይ አትገድብ፤ ጳጉሜን 13ኛ ናት። ብርን በፍሎት (በነጥብ ቁጥር ዓይነት) አትያዝ፣ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 አይመጣም፤ በሳንቲም ለውጠህ በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) ያዘው። የመድኃኒቱ ብዛት ከዜሮ እንዳይወርድ ደግሞ ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል። ሁለት ካሸሮች የቀረችውን አንድ ፓኮ እኩል ሲሸጡ ሁለቱም ስክሪን ላይ «1 አለ» ስለሚል የፎርም ቁጥጥር አያድንህም።

ኔትወርክ፣ መብራት፣ የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ግን በእጅህ አይደሉም። እዚህ ነው መያዝ የሚያስፈልገው፤ ከባዱም የክፍያ ታይምአውት (መልሱ በተወሰነው ጊዜ ሳይመጣ መቅረት) ነው። ታይምአውት ማለት «አልተከፈለም» ማለት አይደለም። ብሩ ተቆርጦ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «አልተሳካም» ብለህ ካሳየህ ካሸሯ ደግማ ትልካለች፣ ደንበኛውም ሁለቴ ይከፍላል። ስለዚህ የክፍያ ሪኩዌስቱ (ጥያቄው) ከመላኩ በፊት ለሽያጩ የማይደገም ቁጥር ስጥና «በመጠባበቅ ላይ» ብለህ ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጠው፤ መብራት ቢጠፋም ሲመለስ ከዚያው ትቀጥላለህ። ታይምአውት ሲመጣ በዚያው ቁጥር ሁኔታውን ጠይቅ፦ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ሰከንድ በኋላ። እስከዚያ ስክሪኑ «ክፍያው እየተጣራ ነው» ይበል። እንደገና የምትልከው አለመከፈሉ በግልጽ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ባዶ ካች (ኤረሩን ይዞ ምንም የማያደርግ) እባክህ አትጻፍ። ስቶኩ ሲዛባ ቆይቶ በቆጠራ ቀን ይወጣል፣ ያኔ መነሻውን የሚያሳይ ነገር የለም። ምን እንደምታደርግበት የምታውቀውን ኤረር ብቻ ያዝ፤ ሌላው ወደ ላይ ይለፍ፣ ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጻፉት የዳታቤዝ ለውጦች) ወደነበረበት ይመለስ፣ አንድ ቦታ ላይ አንዴ ብቻ ከነስታክ ትሬሱ (ኤረሩ በኮዱ ውስጥ ያለፈበትን ዝርዝር ጨምሮ) ይመዝገብ።

ሎጉ ላይ የሽያጩ ቁጥር፣ የካሸሯ መለያ፣ የተቋረጠበት እርምጃና ሰዓቱ ይኑር። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ያዝ፤ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ካሸሯ «3 ሰዓት ላይ» ስትልህ ደግሞ ጠዋት 9፡00 ማለቷ ነው። ፒን፣ ፓስወርድ፣ የታካሚ ስም ከመድኃኒቱ ጋር ፈጽሞ አይግባ። ፋይሉ በየቀኑ ይቀየር፣ አሮጌውም ይሰረዝ፤ ዲስኩ ከሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቆማል፣ ሽያጩም አብሮ ይቆማል።