ስለ ካፒላሪ ጠይቁኝ

ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ዛሬ በደም ቅዳና በደም መልስ መካከል ስላሉት ቀጫጭን ስሮች፣ ስለ ካፒላሪ ጠይቁኝ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር፦ እግር አበጠ ብላችሁ ሐኪም ሳያዝ የሚያሸና ኪኒን አትዋጡ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኦክስጅን ከደም እንዴት ይወጣል?
መልስ፦ ግድግዳው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ነው። ኦክስጅን ከበዛበት ወዳነሰበት በራሱ ያልፋል። የተቃጠለው አየርም እንዲሁ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ቀይ የደም ሴልስ ይወጣል?
መልስ፦ አይወጣም። ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው። ጠባቧ ካፒላሪ ውስጥ ተጣጥፎ፣ አንድ በአንድ ተሰልፎ ያልፋል።

ጥያቄ፦ እግሬ ያብጣል። ምንድን ነው?
መልስ፦ አንዱ ነው ሁለቱም? ከመቼ ጀምሮ? በዚህ መልክ ተጠይቆ አይመለስም። ይመርመሩ። ኪኒኑን በራስዎ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ውሃውስ እንዴት ይወጣል?
መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ! የደሙ ግፊት ውሃን በግድግዳው ክፍተት ወደ ውጭ ይገፋል። አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ትልቅ ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ደም ውስጥ ይቀራል፤ ውሃውንም ይዞ ያስቀራል። ይህን ሚዛን እንግሊዛዊው ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1896 አስረዳ። ኩላሊቱ አልቡሚንን በሽንት የሚያፈስበት ሰው የሚያብጠው ሚዛኑ ስለሚዛባ ነው። የወጣውን ውሃ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ ወደ ደም የሚመልሰው ሊምፍ የሚባለው ሌላ የስር መረብ ነው።

የ12ኛ ተማሪ፦ መጽሐፋችን ግን የወጣው ውሃ በደም መልስ በኩል ተመልሶ ይገባል ይላል።
ነርሷ፦ እኛም እንደዚያው ነው የተማርነው። ፈተና ላይ መጽሐፉን ጻፍ፣ ነጥብ አትጣ።
ሌላ አባል፦ ልጁን ስህተት ጻፍ ይባላል እንዴ?
ነርሷ፦ ውጤቱን አንቺ ትሰጪዋለሽ?

መልስ፦ ቆዩ፣ ቆዩ። አንጀትና ኩላሊት ላይ ውሃው ተመልሶ ይገባል። በአብዛኛው ሌላ ቦታ ግን የወጣውን ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው ሊምፍ ነው። የሊምፍ ስር ሲጎዳ ምን እንደሚሆን ወላይታ ሄዳችሁ እዩ። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግሩ እንደ ዝሆን እግር ያብጣል። የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ስሩን ስለሚጎዳ ነው። እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። በዚህ የተነሳ ሰው ከሠርግና ከለቅሶ ሲገለል ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የአንጎሉ ካፒላሪስ?
መልስ፦ የግድግዳው ክፍተት ጥብቅ ነው። የጉበቱ ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ አለው።

ጥያቄ፦ ለእግር እብጠት የትኛው ኪኒን ይሻላል?
መልስ፦ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ! መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ። በሊምፍ ያበጠን እግር የሚያሸና ኪኒን አያድነውም። ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አንዱ እግር ብቻ ድንገት አብጦ የሚያምዎት ከሆነ ግን ነገን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ።