ቁርባንና የጠዋቱ ኪኒን

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ተብሎ መድኃኒት ከጀመረ ቆየ። ካቶሊኮች ነን። እማዬ እሁድ እሁድ «ሳትቆርብ ኪኒን አትውጥ፣ ጾም ያፈርሳል» ትለዋለች። ማታ ደግሞ የጸሎት ጓደኞቿ ይመጡና እጅ ጭነው «ውጣ!» እያሉ ይጮኹበታል። ጥሎ ይወጣል። ፈልጌ የማገኘው አዌቱ ወንዝ ዳር ነው። ምን ብለን ብንጸልይለት ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ኪኒኑን ይዋጥ። በላቲን ሥርዓት ከቁርባን በፊት የሚጾመው 1 ሰዓት ነው። ውሃና መድኃኒት ጾም አያፈርሱም፤ በቤተክርስቲያናችን ሕግ፣ በቀኖና 919 ላይ ተጽፏል። በሽተኛና አስታማሚማ ምግብ ቀምሰውም መቁረብ ይችላሉ። ስለዚህ ባዶ ሆዱን ከሆነ የሚያቅለሸልሸው፣ ቁራሽ ዳቦ ስጪው። እማማ እኔን ካላመኑኝ አባን ይጠይቁ።

«ውጣ!» የሚለው ግን ያናድደኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነበርኩ። ድምፅ የሚሰማውን ሰው ከበው ሲጮኹበት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ የሚሰማው ጩኸት ላይ ሌላ ጩኸት ይጨመርበታል። ቤተክርስቲያናችንም እንዲህ አላዘዘችም። ጋኔን የማስወጣት ሥርዓት የሚፈጸመው የጳጳስ ፈቃድ ባለው ካህን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ነገሩ በሽታ አለመሆኑ መጣራት አለበት። የአእምሮ ሕመም የሐኪም ጉዳይ ነው ብሎ ትምህርተ ክርስቶሱ፣ የቤተክርስቲያናችን የትምህርት መጽሐፍ፣ በቁጥር 1673 ለይቶታል።

ታዲያ እንዴት ይጸለይ? አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። የማታውን ኪኒን ልጃቸው መዳፍ ላይ ያስቀምጡና «እንበል?» ይሉታል። እሺ ካለ አብረው ያማትቡና አንድ አባታችን ሆይ ይደግማሉ። እምቢ ካለ ዝም ብለው ውሃውን ያቀብሉታል። በቃ። ከጸሎቱ ይልቅ «እንበል?» የምትለዋን ጥያቄ ወደድኳት፤ ልጁ ስለ ራሱ ሲወሰን ፈቃዱን የሚጠየቅባት ሌላ ጊዜ አልነበረችማ።

የራሳችሁ ቃል ካስፈለጋችሁ እንዲህ በሉ፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ስጠን። ድምፁ ሲበዛ አጠገባችን ሁን። ሐኪሙንም፣ መድኃኒቱንም ባርክልን።» «ስጠው» ሳይሆን «ስጠን»። እሱ እዚያው ተቀምጦ ስለሌለ ሰው የምታወሩ አይምሰል።

አማላጅ ከፈለጋችሁ የአእምሮ ሕሙማን አማላጅ የምትባለው ቅድስት ዲምፍና አለች፤ በዓሏ በፈረንጅ ግንቦት 15 ሲከበር ኖሯል፣ በእኛ ግንቦት 7 ማለት ነው። አየርላንዳዊት ናት፤ አባቷ አእምሮው ታውኮ ገደላት ይባላል። መቃብሯ ያለው ቤልጅየም፣ ኼል በምትባል ከተማ ነው። ድሮ ሕሙማን ለጸሎት ሲጎርፉ የቤተክርስቲያኑ ማረፊያ ሞላ፤ የከተማው ሰው በየቤቱ አስገባቸው። አንዳንዱ እዚያው ከቤተሰቡ ጋር እየበላ፣ እርሻ እየረዳ ዕድሜውን ጨረሰ። ልማዱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። እኔ ከተአምሯ ይልቅ ይሄ ይገርመኛል።

ስለ ቀንዲልም፣ ካህን በሽተኛን ዘይት ስለሚቀባበት ምሥጢር፣ አባን አነጋግሩ፤ ለሚሞት ሰው ብቻ የሚሰጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እንቅልፍ እምቢ ካለው ወይም ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዱት። የእማማን የጸሎት ጓደኞች ደግሞ አታባርሪያቸው። በቀጠሮው ቀን አንዷ አብራችሁ ትሂድ። ወረፋው ረጅም ነው፤ መቁጠሪያዋን እዚያ ትድገም።