ፓምፑ እየሠራ በራሱ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ ውሃ ወደ ጣሪያ ታንከር የሚያወጣልን ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ያየልን ባለሙያ «ውስጡ ያለችውን መከላከያ ቆርጬ ሽቦውን በቀጥታ ላገናኘው» አለን። እሺ እንበለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እባክዎ እንዳይፈቅዱ። ያቺ መከላከያ ቴርማል ፕሮቴክተር ትባላለች፤ ከዲናሞው (ከፓምፑ ሞተር) ጥቅል ሽቦ ጋር ታስራ ትቀመጣለች። ውስጧ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ዝርግ አለ። ሲግል ተገልብጦ መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይመለሳል። የእርስዎም ፓምፕ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ መከላከያዋ ሥራዋን እየሠራች ነው።

ብሬከሩ ይበቃል ብለውም አይመኑ። እንዲህ ያለ ፓምፕ ሲሠራ የሚስበው 2.5 አምፔር ገደማ ነው፤ ዲናሞው ተይዞ አልዞር ቢል 10 ወይም 12 ይደርሳል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም፤ ጥቅሉ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

መፈለግ ያለበት የሙቀቱ ምክንያት ነው። ፓምፑ እየሠራ ቮልቴጁን ያስለኩ፣ በተለይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት። 220 የነበረው ወደ 180 ከወረደ የዲናሞው መነሻ ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል፣ የሚስበው አምፔር ደግሞ ይጨምራል። ቀጥሎ ካፓሲተሩ፣ ማለትም ዲናሞው እንዲነሳና እንዲዞር የሚረዳው ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ። መስመሩ ተነቅሎ፣ እግሮቹ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ ተገናኝተው ቻርጁ ከወጣ በኋላ ይለካ፤ 10 ማይክሮፋራድ ተጽፎበት 8 ካሳየ በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ በ450 ቮልት ይቀየር። ዘንጉን ከማራገቢያው በኩል በእጅ ሲያዞሩት የሚሻክር ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይም አሸዋና ዝገት ገብቷል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በዚህ መጠን የሚሸጡት ፓምፖች አብዛኞቹ ፔሪፈራል የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህ መውጫቸው ሲጠብ ጭነታቸው ይቀንሳል ሳይሆን ይጨምራል። ስለዚህ በከፊል የተዘጋ ቫልቭ ወይም የቀጠነ ቧንቧ ብቻውን ዲናሞውን ሊያግለው ይችላል። መጀመሪያ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይሞክሩት፤ ወጪ የለውም።

ዲናሞው ፍጹም ቀዝቅዞም መከላከያዋ መስመር ካላስተላለፈች እሷው ተበላሽታለች። ያኔ ላይዋ የተጻፈው ዲግሪና አምፔር አንድ የሆነ ትተካ፤ ከፍ ያለ ዲግሪ አይግዙ። ስትገጠምም ሙቀት በሚችል ክር ከጥቅሉ ጋር ጠብቃ ትታሰር። ተንጠልጥላ ከቀረች የምታውቀው የአየሩን ሙቀት እንጂ የሽቦውን አይደለም፤ የምትቆርጠውም ከተቃጠለ በኋላ ይሆናል።