ወኪላችን የት ገባ? የአዳማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፓርላማ አባላት ናቸው። ስድቡን ቀንሼ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ወኪላችን ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ በቴሌቪዥን አየሁት፤ እንደ ቀሪ ይቆጠራል ወይ? (ከፍራንኮ ሰፈር)

አይቆጠርም። ለምልዓተ ጉባኤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው፤ ይንቁ የሚል የለም።

ጨፌ ሲሰበሰብ አባገዳ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ ብጠብቀው ብጠብቀው አጣሁት የሚል ወንድም አለ።

ወንድሜ፣ ጨፌ የክልሉ ምክር ቤት ነው። ያንተ ሰው የፌዴራሉ ከሆነ አራት ኪሎ ሂድ።

በአዋጁ ላይ ደግፎ ይሁን ተቃውሞ በምን ላውቅ? (አስተማሪ ነኝ ያለች)

እህቴ፣ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዜናው «በሁለት ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦና በአብላጫ ድምፅ ፀደቀ» ይልና ያልፋል። ስንት ሰው እንደተቃወመ ሰማን፤ ማን እንደሆነ ግን የለም። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፣ ካሜራው ደግሞ አዳራሹን ከሩቅ ጠረግ አድርጎ ወደ አፈ ጉባኤው ይመለሳል፤ ያንቺን ሰው ክንድ ከዚያ ሁሉ መሃል ለይተሽ ካየሽ ጎበዝ ነሽ። ሕገ መንግሥቱ እኮ አንቀጽ 58 ላይ ስብሰባው በግልጽ ይካሄዳል ይላል። አንቀጽ 54 ደግሞ አባል በሰጠው ድምፅ አይከሰስም ይላል፤ ታዲያ ስም ቢነገር ምን ይጎዳል? የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለልሽ። የአዋጁን ስምና የፀደቀበትን ቀን ጠቅሰሽ፣ ድምፁንም የስብሰባ ክትትሉንም በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት፤ ከከለከሉሽ አቤቱታው እስከ እንባ ጠባቂ ይሄዳል። ሌላው መንገድ ክረምቱ ነው። ፓርላማው ሰኔ 30 ሲዘጋ አባላቱ ወደ መራጮቻቸው ይወርዳሉ። እኛ ግን ማይክ ስናገኝ ስለ ውሃና ስለ ኮብልስቶን እንጠይቃለን፣ እሱም «ለከንቲባው አቀርባለሁ» ብሎ በሰላም ይሄዳል። እስቲ አንድ ሰው ተነስቶ «በዚያ አዋጅ ላይ እጅዎን ያወጡት ለየቱ ነበር?» ይበለው።

ገስት ሃውስ እየሠራ ነው፣ በሚስቱ ወንድም ስም ነው አሉ፤ ፌስቡክ ላይ ላውጣው?

ኧረ ተው! በሀብት ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት ተመራጭ የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹን ሀብት ያስመዘግባል፣ በየሁለት ዓመቱም ያድሳል። የሚስት ወንድም እዚህ ውስጥ የለም፤ ወሬው የሚበዛውም ለዚህ ነው። ማስረጃ ካለህ ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ስጥ። «አሉ» ብቻ ከሆነ ግን ስም ማጥፋት አንተን ነው ፍርድ ቤት የሚያቆምህ። ምንም ከመለጠፍህ በፊት ጠበቃ አማክር፣ የምሬን ነው።

ፊርማ አሰባስበን ብናወርደውስ?

አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ከአባልነት ይወገዳል ይላል። ዝርዝሩን ጠበቃ ይንገርህ። የወኪሉን ስም ግን አጣራ፣ አንድ ደብዳቤ ላይ ሁለት ዓይነት ጽፈኸዋል።