የጎጃም ማር ጀርመን ሲገባ ቀረጡን ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ ከዳንግላና ከቡሬ ገበሬዎች ማር ሰብስቤ፣ አጣርቼ፣ በጅቡቲ በኩል ለጀርመን ገዢ ላክሁ። ገዢው «17.3 በመቶ ቀረጥ ከፍያለሁ» ብሎ ያንኑ ከሒሳቤ ቆረጠብኝ። የኢትዮጵያ ዕቃ አውሮፓ በነፃ ይገባል ሲባል እሰማለሁ። በጅቡቲ ስላለፈ ነው ወይ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሰሙት እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር እጅግ ያላደጉ የሚባሉትን አገሮች ምርት ሁሉ ያለ ቀረጥ ይቀበላል። ኢትዮጵያም አለችበት። 17.3 በመቶው መብቱ ያልተጠየቀለት ማር የሚከፍለው ነው።

መብቱ ግን በራሱ አይመጣም። ገዢው ጉምሩክ ላይ መጠየቅ አለበት፤ እርስዎ ደግሞ ማሩ የኢትዮጵያ ስለመሆኑ መግለጫ መስጠት አለብዎት። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም ላኪ ኢንቮይሱ ላይ ይጽፈዋል። ከበለጠ ሬክስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የላኪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት መመዝገብ ግድ ነው። የመግለጫው ቃል በሕግ የተወሰነ ስለሆነ አንዲት ቃል እንዳይቀይሩ።

ጅቡቲን አይፍሩ። ዕቃው በሌላ አገር ማለፉ ብቻ መብት አያሳጣም። የሚያሳጣው መንገድ ላይ ከሌላ ማር ጋር ቢደባለቅ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመሰብሰቢያው መዝገብ ነው። ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን፣ ስንት ኪሎ ተቀበሉ? ማር የአገር ምርት የሚባለው ቀፎው ያለበትን አገር ይዞ ነውና ጠያቂ ሲመጣ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ተቆረጠው ገንዘብ። ውልዎን ያውጡና የማስረከቢያውን ቃል ይዩ። ኤፍኦቢ (ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ ጭኖ የሚያስረክብበት) ከሆነ የማስገቢያ ቀረጥ የገዢው ዕዳ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ከእርስዎ ላይ ሊቆርጥ አይችልም። ዲዲፒ (ሻጩ ቀረጡን ከፍሎ ገዢው ዘንድ የሚያደርስበት) ከሆነ ግን ቀረጡ የእርስዎ ነው። ያም ሆኖ ቀረጡን የማስመለስ ዕድል ጨርሶ አልጠፋም፤ መግለጫው ዕቃው ከተላከ በኋላም ሊጻፍ ይችላል፣ ዕቃው ከገባ በ2 ዓመት ውስጥ ለጉምሩክ እስከቀረበ ድረስ።

ለሚቀጥለው ውል አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ቀረጥ ቀረ ማለት ትርፉ ጎጃም ገባ ማለት አይደለም። ዋጋ ላይ ካልተደራደሩ ገዢው ሙሉውን ይወስደዋል፣ ቀፎ የሚጠብቀው ገበሬ ሳንቲም አያይም። ስለዚህ «ዋጋው በዜሮ ቀረጥ የተሰላ ነው፤ ገዢው መብቱን የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ ባለመጠየቁ የተከፈለ ቀረጥ የራሱ ነው» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። በእርስዎ ሰነድ ጉድለት የመጣውን እርስዎ መሸፈንዎ ግን ተገቢ ነው።

ደግሞም ይህ መብት የተሰጠን እንጂ የተዋዋልነው አይደለም። አሜሪካ አጎዋ በተባለው ለአፍሪካ አገሮች በሚሰጥ ከቀረጥ ነፃ ዕድል የሰጠችንን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 አቋርጣለች። እንደ አፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጣና ያለው ስምምነት ግን ሁለቱንም ወገን ያስራል። የአውሮፓው መብት ቢነሳ ዋጋው እንደገና እንደሚታይም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ለጊዜው ገዢውን የጀርመን ጉምሩክ የሰጠውን የቀረጥ ደረሰኝ ኮፒ እንዲልክልዎ በጽሑፍ ይጠይቁት። ዕቃው የገባበት ቀን እዚያ ላይ ስላለ የ2 ዓመቱ ቀነ ገደብ ከዚያ ይቆጠራል።