በፓቱላ መደብ ላይ ፈጥነው ያደጉት ችግኞች ድቅል ናቸው?

ጠያቂያችን በበለጠ ጌራ አካባቢ ካለ የፓቱላ (የፓይን ዛፍ ዝርያ ነው) ተክል ደን ዘር ለቅመው ባፈሉት መደብ ላይ ጥቂት ችግኞች ከሌሎቹ በእጥፍ ረዝመው አግኝተዋል። በአጠገቡ ካለው ሌላ የፓይን ዝርያ ወይም ከፈረንጅ ጥዱ ጋር በነፋስ ተዳቅለው እንደሆነ፣ ወደፊትም ከእነዚህ ዘር መያዝ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። በጅማ ዙሪያ በችግኝ ጣቢያ ሥራ ካየሁት ተነስቼ ስመልስ፣ መዳቀል ሊኖር ቢችልም በቅድሚያ የሚጠረጠረው እርሱ አይደለም።

የፈረንጅ ጥዱን ከጥያቄው እናውጣው፤ ከፓቱላ ጋር በቤተሰብ እንኳ ስለማይገናኝ አይዳቀሉም። ፓይኖች ግን ብናኛቸው በነፋስ ስለሚጓዝ፣ የቅርብ ዘመዳሞች ከሆኑና የአበባ ጊዜያቸው ከገጠመ በተፈጥሮ ይዳቀላሉ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ሥሩን ነው። በአገራችን ነባር ፓይን ስለሌለ፣ ለፓይን ሥር የግድ የሚያስፈልገው ማይኮራይዛ የተባለው ፈንገስ በቀይ አፈራችን ውስጥ በበቂ ሁኔታ አይገኝም፤ ስለዚህም ከቆየ የፓይን ደን ሥር አፈር አምጥተን እንቀላቅላለን። ቅልቅሉ እኩል ካልተዳረሰ ፈንገሱ የደረሳቸው ችግኞች አረንጓዴ ሆነው ሲመዘዙ፣ ያልደረሳቸው ቢጫ ሆነው ይቀጭጫሉ። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ችግኝ ነቅለው አፈሩን በውኃ ቀስ አድርገው ያጥቡ፤ የረጅሙ ጥቃቅን ሥሮች ጫፋቸው እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሎ ነጣ ያለ ሽፋን ለብሶ፣ የአጭሩ ግን ራቁቱን ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ ታውቋል ማለት ይቻላል። አቀማመጣቸውም ይናገራል፦ ረጃጅሞቹ በአንድ ጥግ ተሰባስበው ከሆነ ነገሩ የአፈር ነው፤ ዘሩ ተደባልቆ ከተዘራ ግን ድቅሎች በመደቡ ላይ እዚህም እዚያም ተበትነው ነው የሚታዩት።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ከመዳቀል ተቃራኒ ነው። ተክል ደኑ ከጥቂት እናት ዛፎች የመጣ ከሆነ ከራሳቸው ወይም ከቅርብ ዘመዳቸው ብናኝ የሚወለዱ ችግኞች ስለሚበዙና እነዚህም ደካማ ስለሚሆኑ፣ ጤናማው ችግኝ በመካከላቸው የተለየ ዘር መስሎ ይታያል።

ቅጠል ቆጥሮ መለየትም በመደብ ላይ አያስኬድም፤ ትንሽ ችግኝ መጀመሪያ የሚያወጣቸው ቅጠሎች ነጠላ ናቸው፣ የፓቱላ መለያ የሆነው ብዙውን ጊዜ በሦስት የሚታሰረው ዘለግ ያለ ቅጠል ቆይቶ ነው የሚመጣው። እርግጠኛው መንገድ የዘረመል ምርመራ ነው፤ በፓይን የክሎሮፕላስት (ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው የሕዋስ ክፍል) ዘረመል የሚወረሰው ከአባት ስለሆነ ብናኙ ከየትኛው ዝርያ እንደመጣ ያሳያል።

በእርግጥ ድቅል ቢሆኑስ? እድገታቸው ሁልጊዜ ከወላጆቻቸው ይበልጣል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ይውላል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ፓይነስ ፓሉስትሪስ የተባለው የፓይን ዝርያ ለዓመታት ግንድ ሳያወጣ እንደ ሣር ቁጥቋጦ ተቀምጦ የሚቆይ ሲሆን፣ ፓይነስ ቴዳ ከተባለው ሌላ ዝርያ ጋር በተፈጥሮ ሲዳቀል ግን ልጁ ቶሎ ግንድ ስለሚያወጣ የችግኝ ሠራተኞች በዓይን ይለዩታል። እዚያው ፓይነስ ኢኪናታ የተባለው ዝርያ ከቴዳ ጋር ሲዳቀል ሌላ ነገር ይታያል፦ ኢኪናታ በልጅነቱ ግንዱ ከሥሩ አጠገብ ተጎንብሶ እንቡጦቹን ከአፈር ጋር ስለሚያስጠጋ እሳት ቢያልፍበት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ድቅሉ ግን ይህን ጉንብስታ በሚገባ ስለማይወርስ በእሳት ይጎዳል። በዚህም ምክንያት እሳት በተከለከለባቸው ደኖች ውስጥ ድቅሎቹ በዝተዋል። ሰው ሆን ብሎ ያዳቀላቸው ሲሆኑ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል፤ አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ኤሊዮቲና ካሪቤያ የተባሉት የፓይን ዝርያዎች ድቅል ለምርት በስፋት ይተከላል፣ በደቡብ አፍሪካም ፓቱላን ቴኩኑማኒ ከተባለው የፓይን ዝርያ ጋር የሚያዳቅሉት፣ ፉሳሪየም የተባለ ፈንገስ የሚያመጣውንና ፓቱላን ክፉኛ የሚያጠቃውን በሽታ ድቅሉ የተሻለ ስለሚቋቋም ነው።

ስለዚህ ረጃጅሞቹን ምልክት አድርገው፣ በመካከለኛ ቁመት ካሉት ጋር በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ጎን ለጎን ይትከሏቸውና ቁመታቸውንና የግንዳቸውን ውፍረት በየዓመቱ ይለኩ። ዘር ግን አይያዙባቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል ቢያምርም ከእርሱ የሚገኘው ቀጣዩ ትውልድ ባሕርዩ ስለሚበታተን፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ጠምሞ፣ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ የሚያድግ ያልተስተካከለ ደን ይሆናል፤ ለጣውላ የሚተክል ሰው ደግሞ ይህን አይፈልግም። ለቀጣዩ ወቅት ዘር ሲለቅሙ ከሌላው ዝርያ ራቅ ካሉት፣ እርስ በርስ ከተራራቁ ብዙ ዛፎች ይልቀሙ፤ የፓቱላ ኮን (ዘሩን የሚይዘው ፍሬ) ሳይከፈት ለዓመታት በዛፉ ላይ ስለሚቆይ በተለያዩ ዓመታት የተፀነሰ ዘር በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እንደሚያገኙም አይርሱ።